የቆየ የባቡርና የፋብሪካ ፎቶ እጃችሁ ሲገባ፦ ከአልበም እስከ ስም

አያቴ «ባቡር ቤት ደርሼ ልምጣ» ካለች እህል ልታስፈጭ ነው። ለእኛ ለሰሜን ሸዋ ልጆች የመጀመሪያው ባቡር ይኸው ነበር፤ በጠዋት ዱቅ ዱቅ እያለ ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው የናፍጣ ወፍጮ። በሐዲድ የሚሄደውን ባቡር መጀመሪያ ያየሁት በፎቶ ነው።

ፎቶው ትንሽ ነው። 6 በ9 ሴንቲ ሜትር፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተከረከመ። አምስት ሰዎች አንድ ፉርጎ አጠገብ ቆመዋል። አራቱ ደረታቸውን ነፍተው ካሜራውን ያያሉ። ግራ ጫፍ ላይ ያለው አምስተኛው ሰው ፊቱን አዙሯል። በእጁ የተጠቀለለ ባንዲራ ይዟል። እግሩ ባዶ ነው። ከአራቱ አንዱ የአያቴ ወንድም ነው፤ ከምንጃር ቁልቁል ወርዶ ምድር ባቡር የተቀጠረ። ባለ ባንዲራውን ግን ከቤታችን የሚያውቀው አልነበረም።

የድሮ የባቡርና የፋብሪካ ፎቶ ለምን እንደሚይዘን ብዙ አስቤበታለሁ። የጭሱ፣ የብረቱ፣ የትልቅነቱ ነገር አለ። እኔን የሚይዘኝ ግን ሌላ ነው። ያኔ ፎቶ አንሺው የመጣው ለማሽኑ ነው፤ ወይም ለአለቃው። ሠራተኞቹ የገቡት እዚያው ስለነበሩ ነው። ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው ማሽኑን በብዙ ቦታ እናገኘዋለን። ሰውየው ያለው ግን እዚህች ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ስሙን የሚያውቁት ሰዎችም እያረጁ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ፎቶውን ከማግኘት ጀምሮ ሰዎቹን በስማቸው እስከ መጥራት ያለውን ሥራ ነው። በአንድ ቅዳሜና እሑድ የሚያልቅ አይደለም። ግን ማንም ስልክና እርሳስ ያለው ሰው ሊሠራው ይችላል።

አንደኛ፦ የት እንፈልግ?

የድሮው ሐዲድ የዛሬውን ሰሜን ሸዋ ዞን አልረገጠም። ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጂቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ድሬዳዋ በ1895፣ አዲስ አበባ በ1909 ዓ.ም. ደረሰ። ከአዲስ አበባ ሲወርድ በሞጆ፣ በናዝሬት፣ በወለንጪቲና በመተሐራ አድርጎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ምንጃር ከዚህ መስመር ራስጌ ነው ያለው። ጤፉም ሰዉም ቁልቁል ይወርድ ነበር።

ስለዚህ በእኛ አገር ፎቶው የሚገኘው ጣቢያ ውስጥ ሳይሆን ሥራ ፍለጋ ወርደው በተመለሱ ሰዎች ቤት ነው። ምድር ባቡር የሠሩ አሉ። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሄዱ አሉ። አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ የከረሙ አሉ። ከቤታቸው ሳይርቁ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ዕድሜያቸውን የጨረሱም አሉ። የመንዝ በግ ሱፍ ከባና እና ከበርኖስ ወደ ማሽን የተሻገረው በእነሱ እጅ ነው። ጣርማበር ላይ ተራራውን በስቶ የሚያልፈው ዋሻም አለ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተሠራ። መንገዱ ሲቆረጥ የተነሱ ፎቶዎች ደብረ ሲና አካባቢ ቤቶች ውስጥ ቢገኙ አይግረማችሁ።

ስትጠይቁ «የድሮ የባቡር ፎቶ አለዎት?» አትበሉ። መልሱ «የለም» ነው የሚሆነው። «ሥራ ቦታ ሆነው የተነሱት ፎቶ ይኖር ይሆን?» በሉ። ከዚያ እነዚህን ቦታዎች እንዲያዩላችሁ ለምኑ፦

- ሳሎን የተሰቀለው ትልቅ ፍሬም። ጠርዙ ላይ የተሰኩት ትንንሽ ፎቶዎች ብቻ ሳይሆኑ ከጀርባው እንደ መደገፊያ የገባውም ጭምር።
- የጡረታ ደብተርና የሥራ መታወቂያ ያለበት ፖስታ። ጉርድ ፎቶው ከእነ ማኅተሙ እዚያ ነው።
- ዳዊትና መጽሐፍ ቅዱስ። የእናቶች መዝገብ ቤት ነው።
- ኔጋቲቭ ያለበት የብስኩት ቆርቆሮ። ብዙ ሰው «የተቃጠለ ፊልም» ብሎ ሊጥለው ያስባል። አስጥሉት።

ሁለተኛ፦ ከመንካታችሁ በፊት

እጃችሁን ታጠቡና በደንብ አድርቁ። ቅባት አትቀቡ። ፎቶውን በጠርዙ ያዙ። አቧራ ካለው ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃል፤ የሕፃን ፀጉር ብሩሽ ጥሩ ነው። ውኃ፣ አልኮል፣ እርጥብ ጨርቅ የሚባል ነገር አይጠጋው።

መስታወት ላይ የተጣበቀ ፎቶ ካገኛችሁ አትላጡት። ይህንን የምለው ስላደረግሁት ነው። ፍሬም ውስጥ የነበረ የአንድ ዘመዳችንን ፎቶ ቀስ ብዬ አነሳለሁ ብዬ ሳብሁት። ወረቀቱ መጣ፤ ፊቱ መስታወቱ ላይ ቀረ። እስከ ዛሬ ድረስ ያቃጥለኛል። የተጣበቀው እንደተጣበቀ በመስታወቱ ላይ ይቀዳል። መስታወቱን ከውጭ በኩል ብቻ አጽዱና አንሱት።

ላስቲክ ሸፍኖ ፎቶውን በሙጫ የሚይዘው አልበም ሌላው ችግር ነው። ፎቶው በቀላሉ ከወጣ አውጡት። እምቢ ካለ ገጹን እንዳለ ቅዱት።

ፎቶዎቹ የተቀመጡበትን ቅደም ተከተል ሳታፈርሱ በፊት ገጹን በሙሉ በስልክ አንሱ። አልበሙን የሠራው ሰው ጎን ለጎን ያደረጋቸው በምክንያት ነው። የአያቴ ወንድም ፎቶ አጠገብ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ጣቢያ ፎቶ ነበር። ቦታውን ለማወቅ የመጀመሪያው ፍንጭ እሱ ሆነን።

ሦስተኛ፦ መቅዳት

ስካነር ካገኛችሁ ጥሩ። ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሄዱ ከሆነ ግን እዚያው ቆማችሁ አሠሩ። ብዙ ቦታ ስካን ሲባል ሰነድ ነው የሚመስላቸው፤ በ200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 200 ነጥብ) ፒዲኤፍ አድርገው ይሰጧችኋል። እንዲህ በሏቸው፦ በከለር፣ በ600 ዲፒአይ፣ እንደ ፎቶ። ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በከለር ይሁን፤ የወረቀቱ ቢጫነት፣ የቀለም ማኅተሙ፣ የእርሳሱ ጽሑፍ የሚለየው በከለር ነው። ወረቀት ስቦ በሚያስገባው ማሽን በጭራሽ እንዳይገባ።

ለትንንሾቹ 600 አይበቃም። 6 በ9 የሆነ ፎቶ በ600 ሲቀዳ ወደ 3 ሚሊዮን ነጥብ ብቻ ይሆናል። በ1200 ግን 12 ሚሊዮን ይደርሳል። ልዩነቱ ፉርጎው ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብና አለማንበብ ነው። ዋናውን ፋይል በቲፍ፣ ማለትም ዝርዝሩን ሳይቀንስ በሚይዘው የፋይል ዓይነት፣ አስቀምጡ፤ ለሰው የምትልኩትን በጄፔግ።

ስካነር ከሌለ ስልክ ይሠራል። ፎቶውን መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስተኙ። ፀሐይ በቀጥታ አይምታው። ፍላሽ አጥፉ። ስልኩን ከፎቶው ጋር ትክክል አግድም አድርጋችሁ ትንሽ ራቅ በሉና ሁለት እጥፍ አቅርባችሁ አንሱ፤ በጣም ተጠግቶ ማንሳት ጠርዙን ያጣምመዋል። ብርሃኑ ካንጸባረቀ ራሳችሁ ጥቁር ጋቢ ወይም ኮት ለብሳችሁ ከላይ ጥላ ሁኑበት። ፊት የሚያሳምረውን ነገር ሁሉ አጥፉ። ጀርባውንም አንሱ፤ ባዶ ቢመስልም።

ኔጋቲቭ ከሆነ ሌላ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ላይ ነጭ ገጽ ክፈቱ። ኔጋቲቩን ከስክሪኑ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙና አንሱት። ስክሪኑ ላይ ከተኛ የስክሪኑ ነጥቦች አብረው ይገባሉ። ከዚያ በማንኛውም የፎቶ አፕ ቀለሙን ገልብጡት።

በቴሌግራም ስትላላኩ ሁልጊዜ «ፋይል» በሚለው ላኩ። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፤ የለፋችሁበት ዝርዝር በአንድ ጊዜ ይጠፋል።

አንድ ነገር አደራ። አሁን የደበዘዘ ፊት አጥርተው የሚያሳዩ አፖች መጥተዋል። የሚያወጡት ፊት ግምት ነው። ቁጥርና ጽሑፍም ይፈጥራሉ። ለማየት ከፈለጋችሁ በቅጂው ላይ ሞክሩት። ግን ያንን ፎቶ አባቷን ለምትፈልግ ሴት አታሳይዋት። የሰውየው ፊት አይደለም።

አራተኛ፦ ማንበብ

እዚህ ላይ ነው ጊዜ መስጠት ያለባችሁ። ቡና ይፈላ።

የተቀዳውን በትልቅ ስክሪን ክፈቱ። መሃሉን ተዉት፤ ከጠርዝ ጀምሩ። ፎቶ አንሺው መሃሉን አስቦበት ነው ያነሳው። ጠርዙን ግን አላሰበበትም። የተረሳ ባልዲ፣ የተንጠለጠለ ኮት፣ ምሳ ይዛ የመጣች ልጅ ያለችው እዚያ ነው። በወረቀት ላይ የምታዩትን ሁሉ ጻፉ። የምትገምቱትን ሳይሆን የምታዩትን። «ሰውየው አዝኗል» ግምት ነው። «ሰውየው ባዶ እግሩን ነው፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል» ማየት ነው።

ቀጥሎ ፊደልና ቁጥር ፈልጉ። ጽሑፉ ተገልብጦ ከታየ ኔጋቲቩ በተቃራኒ ታትሟል ማለት ነው፤ ግራና ቀኝ የምትሉት ሁሉ ይለወጣል። ጽሑፍ ከሌለ የወንዶቹን ኮት ቁልፍ እዩ፤ የወንድ ኮት በግራው በኩል ያለው ጨርቅ ነው ከላይ የሚደረበው። የአዲስ አበባ ጂቡቲ መስመር ጽሑፍ ፈረንሳይኛ ነው። ጣሊያንኛ ካያችሁ ምጽዋ አስመራ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሐዲድ አስመራ የደረሰው በ1904 ዓ.ም. ነው። አስመራ በውትድርና የቆየ ዘመድ ካላችሁ ይህን አስቡ። በእኛው መስመር ደግሞ ጂቡቲ በ1969 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች ጥቂት ዓመታት በኋላ የኩባንያው ስም ተቀይሯል። በፊት «ሲ.ኤፍ.ኢ.»፣ በኋላ «ሲ.ዲ.ኢ.» የሚሉ የላቲን ፊደሎች ነበሩ።

ከጀርባው «ባቡር ፊት የተነሳሁት» የሚል ጽሑፍ ካለ አትቸኩሉ። በድሮ ሰው አፍ ባቡር ብዙ ነገር ነው። ወፍጮም ባቡር ነው። የባሕሩም የምድሩም ባቡር ነው። በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው፣ ያለ ሐዲድ በመሬት የሚሄደው የእንፋሎት ማሽን እንኳ «የሰርኪስ ባቡር» ነው የተባለው። ሐዲድ መኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ። የቦታ ስምም እንዲሁ። ናዝሬት የዛሬዋ አዳማ ናት። ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ ናት። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው ጣቢያ ከሚለው ቃል የመጣ ነው።

ዘመኑን ለመገመት የሚረዱ ጥቂት አስተማማኝ ምልክቶች አሉ። ትልቁ የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ከፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ የቆመው በ1923፣ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥና በዓል ጋር ነው። ጣሊያን አንበሳውን ወደ ሮም ወስዶት ነበር፤ የተመለሰው ከነፃነት በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ሕንፃው ኖሮ አንበሳው ከሌለ ወይ ከ1923 በፊት ነው፣ ወይ አንበሳው ሮም በነበረበት ጊዜ ነው። ሊቶሪና፣ ማለትም የራሷ ሞተር ያላት ባለ አንድ ሠረገላ ባቡር፣ በዚህ መስመር ካያችሁ ከ1928 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የናፍጣ ጎታቾች የገቡት በ1940ዎቹ ነው። ኤንትሬ የጭነት መኪና ከጀርባ ከቆመ ደግሞ የጣሊያን ጊዜ ፎቶ አይደለም፤ ያ ፊያት የተሠራው ከጦርነቱ በኋላ ነው።

ወረቀቱም ይናገራል። የመጋዝ ጥርስ ጠርዝ ብዙ የታየው እስከ 1950ዎቹ ባለው ጊዜ ነው። ጥቁሩ ክፍል በብርሃን ሲታይ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ከሆነ አሮጌ ጥቁርና ነጭ ወረቀት ነው። ወደ ቀይ ሐምራዊ የሄደ የከለር ፎቶ ብዙ ጊዜ የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ነው።

የፋብሪካ ፎቶ ሲሆን ደግሞ ግድግዳውን እዩ። ሰዓት፣ ማስታወቂያ፣ የንጉሡ ፎቶ፣ ከሁሉም በላይ ካላንደር። ይህን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ፤ በጣም የምወደው ነገር ነው።

ደብረ ብርሃን አንዲት እናት ወጣት ሳሉ የሱፍ መፍተያ ማሽን አጠገብ የተነሱትን ፎቶ አሳዩኝ። ሻሽ አስረዋል። ጣታቸው ፈትሉ ላይ ነው፤ ለፎቶውም አላነሱትም። «መቼ ነው?» ስላቸው «ልጅ ሳልወልድ» ብቻ አሉ። ሲቀዳና ሲጎላ ከትከሻቸው በላይ ካላንደር ታየ። ዓመቱ አይነበብም። ወሩ የካቲት ነው፤ 1 የሚለው ቁጥር ቅዳሜ ሥር ነው።

ይህ በቂ ነው። ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 1 ድረስ 150 ቀን አለ። 150 ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። የካቲት 1 ቅዳሜ ከሆነ መስከረም 1 ሦስት ቀን ወደ ኋላ፣ ማለትም ረቡዕ ነበር። ከዚያ የባሕረ ሐሳቡን፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን አቆጣጠር፣ ስሌት አምጡ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ፤ ዓመተ ዓለም ይሆናል። እሱን ለ4 አካፍላችሁ ቀሪውን ትታችሁ ድርሻውን በራሱ ላይ ደምሩ። ድምሩን ለ7 አካፍሉ። የሚተርፈው 1 ከሆነ መስከረም 1 ማክሰኞ ነው፣ 2 ከሆነ ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፤ ምንም ካልተረፈ ሰኞ።

1961ን እንሞክር። 7461 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1865። ድምሩ 9326። ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ረቡዕ። እኚህ እናት በቅጥር ወረቀታቸው የገቡት በ1959 ነው። ከዚያ ወዲህ መስከረም 1 ረቡዕ የዋለው በ1961፣ በ1967፣ በ1972 እያለ ነው። ካላንደሩ አጠገብ ደግሞ የንጉሡ ፎቶ ተሰቅሏል። ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው። ስለዚህ የካቲት 1961። ወረቀቱን ሳሳያቸው እናት በጣታቸው ቆጠሩና «አዎ፣ የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በ62 ነው» አሉ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ያለፈ ዓመት ካላንደር ሳይነሳ ሊከርም ይችላል። ሁልጊዜ ሌላ ማረጋገጫ ጨምሩ።

አምስተኛ፦ ታላላቆችን መጠየቅ

ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ስኳርም ቡናም ይዛችሁ ግቡ። ፎቶውን በኤ4 ወረቀት አሳትማችሁ ውሰዱ። ስልክ ላይ በጣት እየሰፋ እየጠበበ የሚያይ ሽማግሌ ይደክመዋል፤ ወረቀቱን ግን መስኮት ድረስ ወስዶ ያየዋል። መነጽር እንዲያደርጉ ጊዜ ስጡ። ጠዋት ይሻላል። በበዓል ቀን ቤቱ በሰው ስለሚሞላ አይመችም።

«ይህ ማን ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። ስም ካልመጣላቸው ያፍራሉ፤ ጨዋታው ይዘጋል። «ጋሼ፣ እዚህ ቦታ ምን ነበር የሚሠራው?» በሉ። እጅ ሥራውን ያስታውሳል፤ ሥራው ሰውየውን ያመጣዋል። ሲፈቅዱላችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። ከተሳሳቱ አታርሙ። ሁለት ሰው ሁለት ስም ከጠራ ሁለቱንም፣ ማን እንዳለው ጭምር ጻፉ። ዝም ሲሉ እናንተም ዝም በሉ።

በቤታችን ያለውን ፎቶ በምድር ባቡር ጡረታ ለወጡ አንድ አባት ያሳየሁት እንዲህ ነው። አራቱን ሰዎች አልፈው ቀጥታ ወደ ግራ ጫፍ ሄዱ።

«ይኼ እኮ ሥራ ላይ ነው።»

«እንዴት አወቁ ጋሼ?»

«ፉርጎ እየቀጠሉ ነዋ። እነዚህ ለፎቶ ቆመዋል፤ እሱ መቆም አይችልም። ነጂው የሚያየው የእሱን እጅ ነው። ዓይኑን ካነሳ ሰው ይጨፈለቃል።»

ለዓመታት ፊቱን ያዞረው ካሜራ ስለማይወድ ይመስለኝ ነበር። ከአምስቱ ሥራውን ያላቋረጠው እሱ ብቻ ነው። እኚህ አባት ስሙን ወዲያው አላስታወሱም። ስለ ባንዲራው፣ ስለ ሌሊት ፋኖሱ፣ ስለ አዋሽ ሙቀት ሲያወሩ ቆዩ። ሁለተኛው ቡና ላይ ስሙ መጣ። ከእነ አባቱ።

ስድስተኛ፦ መጻፍና ማስቀመጥ

ስሙን ያገኛችሁ ዕለት ጻፉት። ፎቶው ጀርባ ላይ ለስላሳ እርሳስ ብቻ፣ ጠርዝ በኩል፣ ሳትጫኑ። እስክሪብቶ ወደ ፊት ይሰርጋል። እርሳስ የማይቀበል የሚያንሸራትት ወረቀት ከሆነ በፖስታው ላይ ጻፉ፤ ፎቶውን ከማስገባታችሁ በፊት። ከግራ ወደ ቀኝ ስም፣ ሥራ፣ ቦታ፣ ዘመን፣ ማን ነገራችሁ፣ መቼ።

ዓመት ስትጽፉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለትን አትርሱ። የባቡር ፎቶ ጀርባ ላይ የፈረንጅ ዓመት መገኘቱ የተለመደ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8። ይህን ያልለየ ጽሑፍ ለልጅ ልጆቻችሁ ራስ ምታት ነው።

የፋይሉን ስም «ምስል 0047» ብላችሁ አትተዉት። «1961_የካቲት_ደብረ ብርሃን_ሱፍ መፍተያ» ይሁን። ሦስት ቦታ አስቀምጡ፦ ኮምፒውተር፣ ሃርድ ዲስክ፣ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ። አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ያለ ነገር እንደሌለ ቁጠሩት።

ዋናውን ፎቶ በወረቀት ፖስታ፣ ፖስታውን በካርቶን። የሚሸት ላስቲክ አይሁን። የደብረ ብርሃን ብርድ ለፎቶ ይመቻል፤ ቀለም ቶሎ አያጠፋም። ጠላቱ የክረምቱ እርጥበትና የባሕር ዛፍ ጭስ ነው። ከወለል ከፍ ያለ፣ ከውጭ ግድግዳ የራቀ፣ ጭስ የማይደርስበት ቁም ሣጥን ፈልጉለት።

ሰባተኛ፦ መመለስ

ፎቶ ስትዋሱ ቁጥሩን ጻፉና በተባባላችሁት ቀን መልሱ። በዚህ ሥራ ላይ ሰው ቅር የሚሰኘው በዚህ ነው፤ አንድ ቤት ከተከፋ ሰፈሩ በሙሉ ይዘጋባችኋል። ለሌሎች ከማሳየታችሁ በፊት ባለቤቶቹን አስፈቅዱ። ሰፋ ያለ ስብስብ ካገኛችሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ወመዘክርን (ብሔራዊውን ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) አነጋግሩ። የድሮዎቹን ጎታቾች በአካል ማየት የሚፈልግ ድሬዳዋ የባቡሩ ወርክሾፕ ይሂድ፤ በፎቶ ያየውን ብረት በእጁ ይነካዋል።

የዛሬውንም አትርሱ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው አዲስ ሐዲድ በእኛ ቆላ በኩል ነው ያለፈው። ዋሻ ሲቆፍሩ፣ ድልድይ ሲያቆሙ የዋሉ የሰፈር ልጆች ስልካቸው ውስጥ ፎቶ አላቸው። ስልኩ ሳይሰበር በፊት ተቀበሏቸው። የቆሙትን ሰዎች ስም ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ዛሬ ሁሉም ያውቃል።

የመጨረሻው ሥራ ማተም ነው። ከቀዳችሁት ፎቶ አንድ ለባለቤቱ፣ አንድ ስሙ ለተገኘው ሰው ቤተሰብ። እኔ የባለ ባንዲራውን ልጅ ያገኘኋት ከብዙ ጥያቄ በኋላ አረርቲ ነው። ከአባቷ የቀራት አንዲት ጉርድ ፎቶ ነበረች፤ ለመታወቂያ የተነሳት። ትልቁን ፎቶ ዘርግታ ጉርዷን አጠገቡ አስቀመጠች። ጆሮውን ከጆሮው አስተያየች። ከዚያ እርሳሱን ከእጄ ተቀበለችና የአባቷን ስም ራሷ ጻፈችው።